ስለ አራዳ የቤት ቁጥሮች መጋጨት

ከልዩ ልዩ መዝገብ የተገኘውን ዝርዝር አንድ ላይ ስናደርግ የቤቱን ቁጥር ብቻ መለያ አድርገን መያዝ በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ልማድ ሆኗል። ለአራዳ ጥናት ይህ አሠራር አይበቃም እላለሁ።

እንደሚታወቀው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ ቤቶችም በየቀበሌው ተቈጠሩ። ስለዚህ ቁጥር 100 የሆነ ቤት በአንዱም በሌላውም ቀበሌ ይገኛል። የቀበሌው ቁጥር ራሱ በተለያዩ ከፍተኛዎች ይደገም ነበር። በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተሞች ሲደራጁ ደግሞ ቀበሌዎች እየተጣመሩ በጭረት የተያያዘ ድርብ ቁጥር ያዙ፤ የቀድሞው የቤት ቁጥር ካልተለወጠ ሁለት መቶኛ ቤቶች በአንድ መዝገብ ተገናኙ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስሕተት። አጥኚው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ሲያይ «ተደግሟል» ብሎ አንዱን ይሰርዛል፤ ከቁጥሩ ጋር አንድ ቤተ ሰብ ይጠፋል። እኔም ይህን አድርጌአለሁ። ዱሮ ቢሆን ወደ ፒያሳ ወርዶ በር አንኳኵቶ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። የቀረው ወረቀቱ ነው።

ስም ይርዳን ያሉም አሉ። ነገር ግን ስምና የአባት ስም የሚገጥምባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በአንጻሩ ሣህሉንና ሳሕሉን የጻፉ ሁለት ጸሐፊዎች አንዱን ሰው ሁለት ያደርጉታል።

እኔ የምመርጠው የመዝገቡን ዓመት፥ ከፍተኛውን ወይም ክፍለ ከተማውን፥ ቀበሌውንና የቤቱን ቁጥር በአንድነት መያዝ ነው። የተጋጨውም ሁሉ ሳይሰረዝ፥ ከየት መዝገብ እንደ መጣ በጎኑ ይጻፍ።