የጉባኤያትን መዝገብ በጅምላ ስለ ማደስ

በዩዝኔት ሰርቨር ጥበቃ ውስጥ እጅግ ቀላል መስሎ የሚታየው፥ ነገር ግን ከሁሉ አብልጦ ጥንቃቄን የሚሻው ተግባር፥ የውይይት ጉባኤያትን ስም ዝርዝር በአንድ ጊዜ ማደስ ነው። ዩዝኔት፥ ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያሰቡት መረብ፥ በላዩ የሚያዝዝ አንድ ማዕከል ስለሌለው፥ እያንዳንዱ ሰርቨር ጉባኤያቱን የሚያውቀው በገዛ መዝገቡ ብቻ ነው፤ ስሙ በመዝገቡ ያልሰፈረ ጉባኤ፥ በሌላው ዓለም ምንም ያህል ቢነገርበት፥ በዚያ ሰርቨር ለሚያነቡት እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ሪች ሳልዝ በደረሰውና እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው አይኤንኤን በተባለው የዩዝኔት ሰርቨር ፕሮግራም፥ መዝገቡ «አክቲቭ» ይባላል፤ እያንዳንዱም መስመር አራት ነገሮችን ይይዛል፤ የጉባኤውን ስም፥ የመጨረሻውን መልእክት ቍጥር፥ የመጀመሪያውን ቍጥርና አንዲት ምልክት። እኔ በውጭ አገር እንዲህ ያለውን መዝገብ ስጠብቅ፥ ዓይኔ አስቀድሞ የሚያርፈው በአገሬ ስም በተጠሩት በ«ሶክ.ካልቸር.ኢትዮጵያ.ሚስክ» እና በ«ሶክ.ካልቸር.ኢትዮጵያ.ሞደሬትድ» ላይ ነበር። የሁለተኛው ምልክት «ኤም» ነበር፤ ይኸውም መልእክቱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ጉባኤው መርማሪ ይሂድ ማለት ነው። ያቺ ፊደል በስሕተት ወደ «ዋይ» ብትለወጥ፥ ወገናችን የጻፈው ቃል በዚህ ሰርቨር ይታያል፥ ሌሎቹ ሰርቨሮች ግን የመርማሪውን ፈቃድ ስላላዩበት አይቀበሉትም፤ ጸሓፊውም ቃሉ ለሁሉ የደረሰ መስሎት መልስ ሲጠብቅ ይኖራል።

ስለዚህ በጅምላ የሚያድስ ሰው ሥርዐቱን ጠብቆ ይሠራል። ፕሮግራሙ መዝገቡን በራሱ ዘንድ ይዞ ስለሚሠራ፥ እየሠራ ሳለ ፋይሉን በእጅ ያረመ ሰው እርማቱ ተመልሶ ሊጠፋበት ይችላል፤ አስቀድሞ ሰርቨሩን ገታ ማድረግ፥ ግልባጭ ማስቀመጥ፥ አርሞ እንደገና ማስነበብ፥ ከዚያም ሥራውን ማስቀጠል ይገባል። የሌላውን ሰርቨር መዝገብ እንዳለ አምጥቶ በራስ ላይ መጫን ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የመልእክት ቍጥር በየሰርቨሩ የተለያየ ነውና፥ አንባቢው እስከ የት እንዳነበበ የሚያመለክተው ምልክት ሁሉ ይፋለሳል።

ከዚህም የሚከብደው የሥልጣን ጉዳይ ነው። ጉባኤ ይፈጠር ወይም ይሰረዝ የሚል ትእዛዝ በመረቡ ላይ በማንኛውም ሰው ስም ሊላክ ስለሚችል፥ በፒጂፒ ማኅተም ያልተረጋገጠውን መቀበል አይገባም፤ «ቼክግሩፕስ» የተባለው የተሟላ ዝርዝርም የሚመሰክረው ለተጻፈበት ክፍል ብቻ ነው እንጂ ለሌላው አይደለም። ለዚህ ጥንቃቄ ምሳሌ የሚሆነን የቤተ ክርስቲያን ልማድ አለ፤ በአዊ ምድር፥ ግምጃ ቤት በተባለችው ከተማ፥ ቄሰ ገበዝ ሲለወጥ ንዋየ ቅድሳቱ በምስክሮች ፊት ከመዝገቡ ጋራ እየተያየ ይቈጠራል፤ በመዝገብ ተጽፎ በዓይን ያልታየ ዕቃ ቢኖር ይጠየቅበታል እንጂ ስሙ ዝም ተብሎ አይፋቅም። የሰርቨር ጠባቂም ሕግ ከዚህ ሊያንስ አይገባውም። መዝገብን ከመዝገብ የሚያስተያየው «አክትሲንክ» የተባለው መሣሪያ እንኳ፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፥ ከመቶው መስመር ዘጠና ስድስቱ ሳይለወጥ ካልቀረ ሥራውን አልፈጽምም ይላል፤ የሠሩት ሰዎች የጅምላን ፍጥነትና የጅምላን ጥፋት አብረው አይተዋልና።

እንግዲህ መዝገብ የተሰጣችሁ ሁሉ፥ የኮምፒውተርም ይሁን የወረቀት፥ አዲስ ስም መጨመሩን ለመሣሪያ ብትተዉ አይከፋም፤ ስም መሰረዙን ግን አንድ በአንድ አንብባችሁ፥ ማን እንዳዘዘው መርምራችሁ፥ ግልባጩንም አስቀምጣችሁ በገዛ እጃችሁ ፈጽሙት።