«ረስቶ ይሆናል» ስሕተት ነውን?
ስለ ፈረንሳይኛ ቀዳሚ ትንቢት አስተማመር የቀረበ አስተያየት

የፈረንሳይኛን ግስ የሚያስተምር መምህር ሁሉ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን «ፊቱር አንቴርየር» የሚባለውን ጊዜ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ቀዳሚ ትንቢት ብለን እንጠራዋለን፤ ከሌላ ትንቢት ቀድሞ የሚፈጸምን ድርጊት ያመለክታልና። ብዙውን ጊዜ ትምህርቱ ከስድስት መስመር አያልፍም። ዦሬ ፊኒ፣ ቲዩ ኦራ ፊኒ፣ ኢል ኦራ ፊኒ፣ ኑ ዞሮን ፊኒ፣ ቩ ዞሬ ፊኒ፣ ኢል ዞሮን ፊኒ ተብሎ ይጻፋል፤ ተማሪው በደብተሩ ይገለብጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በቃሉ ይጠየቃል። ትርጉሙም «ጨርሼ እገኛለሁ፣ ጨርሰህ ትገኛለህ» ተብሎ ይታለፋል። እኛም ለብዙ ዓመታት ያስተማርነው እንዲሁ ስለ ነበረ፣ ነቀፌታው በመጀመሪያ የሚያርፈው በራሳችን ሰሌዳ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሠልጣኝ መምህራን ባወጣነው ፈተና አንድ አጭር የትርጉም ጥያቄ ነበረ። መምህሩ አለመምጣታቸውን የሚናገር ዓረፍተ ነገር ሆኖ መጨረሻው «ኢል ኦራ ኡብሊዬ» ይላል። አንዱ ሠልጣኝ «መምህሩ አልመጡም፤ ረስተው ይሆናል» ሲል ተረጐመው። እኛ ደግሞ የምንጠብቀው መልስ «ረስተው ይገኛሉ» የሚል ስለ ነበረ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝነው፤ ሁለት ነጥብም ቀነስንበት። ሠልጣኙ ወረቀቱን ይዞ መጣና፣ «መምህር፣ ሰውዬው የቀሩት ትናንት ነው፤ ታዲያ ወደፊት እንዴት ይረሳሉ?» ብሎ ጠየቀን። «ሕጉ ነው» ብለን መለስነው። ምንም እንኳ ጥያቄው ትክክል መሆኑ በልባችን ቢሰማንም ሠንጠረዡን ከልባችን ይልቅ አመንነው።

ነገሩ የተገለጠልን በሌላ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ላይ፣ ከአንድ የጅቡቲ ተወላጅ ወዳጃችን ጋር ከዚያው ከጅቡቲ የሚመጣ እንግዳ ስንጠብቅ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አለቀ፤ እንግዳው ግን የለም። ወዳጃችን ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ኢል ኦራ ማንኬ ል ትራን» አለ። ባቡሩ አምልጦት ይሆናል ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ያ የተሰረዘ ወረቀት ትዝ አለን።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። አመሠራረቱ አያስቸግርም፤ አቯር ወይም ኤትር ከተባሉት ረዳት ግሶች አንዱ በትንቢት ይረባል፤ የዋናው ግስ ፓርቲሲፕ ፓሴ ይከተለዋል። ፓሴ ኮምፖዜን በደንብ ያወቀ ተማሪ የረዳቱን ግስ ጊዜ ብቻ ይለውጣል። መሄድን፣ መምጣትን፣ መድረስን፣ መወለድንና መሞትን የመሳሰሉት ኤትርን ይወስዳሉ፤ «ኤል ስራ ፓርቲ» እንደሚባለው። ስለ ሴት ሲነገር በጽሕፈት በመጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ይጨመራል። ጆሮ ግን አይሰማውም፤ በእኛ ፊደል ስንጽፈውም አይታይም። ስለዚህ ይህን ክፍል በቃል መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ማስጻፍ ያስፈልጋል። እንደዚሁም «ዦሬ ፊኒ» በሚለው በረዳቱ ግስ መጨረሻ ላይ አንዲት «ኤስ» ብትገባ ትርጉሙ «በጨረስሁ ነበር» ወደሚለው ይለወጣል። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ብዙዎቹ ሁለቱን በንግግር አይለዩአቸውም፤ ሲጽፉም አልፎ አልፎ ይስታሉ። ተማሪያችን ቢስት አንገረምበትም።

ችግሩ ያለው በአገባቡ ላይ ነው። ቀዳሚ ትንቢት በአማርኛ አንድ አቻ የለውም፤ እንደ አገባቡ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይበተናል። ይህን ባለማስረዳታችን ነው «ጨርሼ እገኛለሁ» የተባለውን፣ በገበያም በቤትም ማንም የማይናገረውን አማርኛ የፈጠርነው። ነገ መንገደኛ የሆነ ሰው «ነገ ይህን ጊዜ ድሬዳዋ ገብተናል» ይላል እንጂ «ገብተን እንገኛለን» አይልም። ልብ በሉ፤ ነገሩ የነገ ነው፤ ግሱ ግን የቅርብ ኀላፊ ነው። ፈረንሳይኛው በዚሁ ስፍራ «ኑ ስሮን ዛሪቬ» በማለት ትንቢቱን በግልጽ ያስገባል። እንደዚሁም «እስክትመጣ ጨርሼ እጠብቅሃለሁ» ስንል መጨረሱን የሚሸከመው ቦዝ አንቀጹ ነው፤ ትንቢቱን የሚሸከመው መጠበቁ ነው። ተማሪው ይህን አማርኛ ከቤቱ ይዞት ይመጣል። መምህሩ ከዚያ ቢነሣ ግማሹ መንገድ ያልቃል።

ሁለተኛው ስፍራ «ካን»፣ «ዴ ክ»፣ «ኦሲቶ ክ» ከሚባሉት አያያዦች በኋላ ነው። «ስጨርስ እወጣለሁ» ለማለት ፈረንሳይኛ «ካን ዦሬ ፊኒ፣ ዠ ሶርቲሬ» ይላል፤ ሁለቱም ግስ የትንቢት ምልክት አለበት። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪያችን ወደ ፈረንሳይኛ የሚመጣው በእንግሊዝኛ በኩል አልፎ ነው። በእንግሊዝኛው ክፍል ደግሞ ከ«ዌን» በኋላ «ዊል» እንዳታስገባ እየተባለ ዓመታት ተቀጥቷል። ስለዚህ «ካን ዤ ፊኒ፣ ዠ ሶርቲሬ» ብሎ ይጽፋል። ይህን ስሕተት ያደረገው ትጉ ስለ ሆነ ነው፤ የተማረውን ሕግ አክብሯል። የፈረንሳይኛው መምህር ይህን ሳያውቅ «ሰነፍ» ቢለው በደል ነው።

ከሁሉ የበለጠ ልንቆይበት የሚገባው ግን የእኛው «ከ» የምትባለው ፊደል ናት። አንድ አባት ልጁን «የቤት ሥራህን ከጨረስህ ትጫወታለህ» ቢለው ምን ማለቱ ነው? ልጁ መጨረሱን እየተጠራጠረ ነው ወይስ መጨረሱ አይቀርም ብሎ ጊዜውን እየወሰነለት ነው? በአማርኛ ሁለቱም ይሆናል፤ የሚለየው የአባቱ ድምፅና ፊት ነው። በፈረንሳይኛ ግን መወሰን ግዴታ ነው። አባትየው ከተጠራጠረ «ሲ ቲዩ ኣ ፊኒ ቴ ድቯር፣ ቲዩ ዡራ» ይላል፤ ከ«ሲ» በኋላ ትንቢት አይገባምና። መጨረሱን አምኖ ጊዜውን ብቻ የሚናገር ከሆነ «ካን ቲዩ ኦራ ፊኒ ቴ ድቯር፣ ቲዩ ዡራ» ይላል። እንግዲህ ተማሪው «ሲ ቲዩ ኦራ ፊኒ» ብሎ ሲጽፍ የተሳሳተው ግስ በማርባት አይደለም፤ የአማርኛዋን «ከ» ሳይሰነጥቅ እንዳለች ስላሻገራት ነው። በቀይ እስክሪብቶ «ኦራ» የምትለውን ብቻ ሰርዘን ወረቀቱን ብንመልስለት ምን እንደ ተሳሳተ አያውቅም። «ልጁን ታምነዋለህ ወይስ ትጠራጠረዋለህ?» ብለን ብንጠይቀው ግን ራሱ ያርመዋል። ይህን በክፍላችን ሞክረነዋል፤ ከሠንጠረዡ ሁሉ የበለጠ ክርክር የሚነሣው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ሦስተኛው ያ የሰረዝነው መልስ ነው። «ኢል ኦራ ኡብሊዬ» ሲባል መርሳቱ ያለፈ ነገር ነው፤ ገና የሚመጣው የነገሩ መረጋገጥ ነው። ተናጋሪው «ኋላ ሲጣራ እንደ ረሳ እናገኘዋለን» እንደ ማለት ግምቱን በትንቢት ያስቀምጠዋል። እስቲ አማርኛችንን እንመልከት፤ «ረስቶ ይሆናል»። ቦዝ አንቀጽ አለ፤ ከኋላው የ«ሆነ» ትንቢት አለ። አንዱ የሴም ቋንቋ፣ ሌላው የላቲን ልጅ ሆነው ሳለ ሁለቱም ግምትን የሚናገሩት በአንድ ዓይነት ድርድር ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ሳይማር ሊረዳው የሚችል አንድ የፈረንሳይኛ ስፍራ ቢኖር ይህ ነው፤ እኛ ደግሞ ስሕተት ነው ብለን ነጥብ የቀነስነው በዚሁ ስፍራ ነው። ቤልጅጋዊው ሞሪስ ግረቪስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው «ል ቦን ኡዛዥ» በተባለው ትልቅ የሰዋስው መጽሐፍ ይህ የግምት አገባብ ስፍራ አለው፤ አዲስ ግኝት አይደለም። ቤሽሬል በሚል ስም የሚታወቀውን የግስ መጽሐፍም አንወቅስም። ሠንጠረዥ ሠንጠረዥ ነው፤ ሥራው እርባታውን ማሳየት ነው። ጥፋቱ ሠንጠረዡን ትምህርት ነው ብሎ ወደ ክፍል ይዞ የገባው የመምህሩ ነው።

ጋዜጣ የሚያነብ ተማሪ አንድ ሌላ አገባብም ይገጥመዋል። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ስለዚህ ታሪክ የሚጽፍ ሰው «ኢል ኦራ ፋሉ ቫን ታን» ብሎ ሊጀምር ይችላል፤ ሃያ ዓመት ፈጀ ማለቱ ነው። ሁሉ ነገር ያለፈ ሆኖ ሳለ ጸሐፊው በመንገዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ እየተመለከተ ሒሳቡን ይዘጋል። ስለ ሞተ ሰው በሚጻፍ የሕይወት ታሪክም ይህ የተለመደ ነው። በአማርኛ በተራ ኀላፊ መተርጐም ይበቃል፤ «ፈጅቶ ይሆናል» ብሎ የተረጐመ ግን እዚህ ላይ ተሳስቷል፤ ጥርጣሬ የለምና። ከግምቱ የሚለየው ከዐውዱ ብቻ ስለ ሆነ፣ አንድ ብቸኛ ዓረፍተ ነገር ነቅሎ አውጥቶ «ተርጕም» የሚል ፈተና ፍትሕ የለውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያወጣ መምህር ቢያንስ ከፊቱና ከኋላው ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምርበት።

ያን ሠልጣኝ ባለፈው ዓመት አገኘነው። አሁን እሱም ፈረንሳይኛ ያስተምራል። ስለ ወረቀቱ አንሥተን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ሁለቱ ነጥቦችም ይገቡት እንደ ነበረ ነገርነው። ጥቂት ዝም አለና፣ «እኔ እኮ መምህር፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ተማሪዎቼን ‹ረስቶ ይገኛል› እያልሁ ነው የማስተምረው» አለን።