ለፒኦ ፋይል ምስጋና

የሶፍትዌር ገጽ ወደ አማርኛ ለመመለስ የፋይል ዓይነት ምረጥ ብትሉኝ ሳላመነታ ፒኦ ፋይልን እመርጣለሁ። ጌትቴክስት የተባለው የግኑ ፕሮጀክት መሣሪያ የሚሠራበት ፋይል ነው።

ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ምሽት በአሮጌ ላፕቶፕ ይሠራበታል። «ኤምኤስጂአይዲ» በሚለው መስመር የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር አለ፤ ከሥሩ «ኤምኤስጂኤስቲአር» በሚለው የእኛ ይገባል። ከበላያቸው ፕሮግራመሩ ለተርጓሚው የተወው ማስታወሻ ሊኖር ይችላል፤ ዓረፍተ ነገሩ ከየትኛው የኮድ መስመር እንደመጣም ይጻፋል። ሁለት ዓምድ ብቻ ያለው የኤክሴል ሰንጠረዥ ይህን ሁሉ አያሳይም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ሌላ ነው። «ፋይል እገሌ ወደ አቃፊ እገሌ ተገልብጧል» በሚል ዓይነት መልእክት ውስጥ ፕሮግራሙ ሁለቱን ስሞች በቦታ መያዣ ምልክቶች ምትክ ራሱ ይሞላል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚያደርግ አንዳንዴ ቅደም ተከተላቸው መገልበጥ አለበት። ለቦታ መያዣዎቹ ቁጥር ሰጥቶ ሁለተኛውን ማስቀደም ይቻላል፤ ኮዱ አይነካም። እንዲህ ያለ አሠራር ቋንቋችንን ያከብራል!

ዋናው ዓረፍተ ነገር ጥቂት ሲለወጥ ደግሞ የቀድሞው ትርጉም አይጣልም። «ፈዚ» የሚል ምልክት ይዞ ተርጓሚው እስኪያየው ይቆያል።

ፖኤዲት የተባለው ፕሮግራም ይህን ሁሉ በቀላሉ ይከፍታል፤ ነፃ ቅጂም አለው። ትርጉም የምታሠሩ ወገኖች፣ እባካችሁ ሰንጠረዡን ትታችሁ ፒኦ ፋይሉን ከነማስታወሻው ላኩልን።