ጉብታውን የሠራው እግር

ስኪ አይቶ የማያውቅ ሰው የጉብታ ውድድርን በቴሌቪዥን ሲመለከት መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚያን ጉብታዎች ማን እንደደረደራቸው ነው። ለኦሎምፒክ ሲሆን በእርግጥም ሰው ይደረድራቸዋል፤ ማሽን በረዶውን ይቆልላል፣ ባለሙያ በአካፋ ያስተካክለዋል። በየከተማው ዳር ባሉት ትንንሽ የስኪ ኮረብታዎች ላይ ግን ጉብታ ልሥራ ብሎ የሚነሳ የለም። በረዶ ይጥላል፤ የመጀመሪያው ሰው ይወርዳል፤ ለመታጠፍ ስኪውን አግድም ሲገፋ ከእግሩ ሥር ያለውን በረዶ ጠርጎ ከመታጠፊያው በታች ይተወዋል። ሁለተኛው ሲመጣ ያቺን ክምር ከመውጣት ዞሮ ማለፍ ይቀለዋል፤ ሲዞር እሱም ይጠርጋል፣ ክምሯም ከፍ ትላለች። ሦስተኛው የሁለቱን ዱካ ይከተላል። መደልደያው ማሽን ካልደረሰበት፣ ልሙጥ የነበረው ቁልቁለት በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉልበት በሚደርሱ ጉብታዎች ይሞላል፤ እነሱም እንደ ዳማ ገበታ እየተፈራረቁ ይሰለፋሉ። ማንም አላቀደውም፣ ማንም አልተማከረበትም።

ኮሎራዶ ውስጥ ዊንተር ፓርክ በተባለው የስኪ ስፍራ ተመራማሪዎች ካሜራ ተክለው ጉብታዎቹን ሲከታተሉ ቆዩ፤ ያገኙትንም እ.ኤ.አ. በ2009 ፊዚክስ ቱዴይ መጽሔት ላይ አወጡት። ጉብታዎች ባሉበት አይቆሙም፣ ይሄዳሉ። የሚሄዱትም ሽቅብ ነው፤ በቀን 8 ሴንቲሜትር ገደማ። ምክንያቱ ለገባው ሰው ግልጽ ነው። ወራጁ ከጉብታው ጀርባ፣ ማለትም ከቁልቁል ጎኑ፣ በረዶ ይፍቃል፤ የፋቀውን ከሥር ባለው ጉብታ ፊት ላይ ያራግፈዋል። እያንዳንዱ ጉብታ ከታች በኩል እየጎደለ ከላይ በኩል ይጨምራል። በረዶው ቁልቁል ሲወርድ ቅርጹ ሽቅብ ይወጣል።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቁልቁለትን የማይበት ዓይን ተለውጧል። እግሬ ሥር ያለው ነገር ከእኔ በፊት የወረዱት ሰዎች ውሳኔ ነው፤ የት እንደፈሩ፣ የት እንደደፈሩ፣ የት ዘግይተው እንደታጠፉ ይታያል። ጎበዞች የተመላለሱበት መስመር ጉብታው ክብ፣ ርቀቱም እኩል ነው። ጀማሪ የበዛበት ደግሞ ይዘበራረቃል፤ አንዱ ጉድጓድ ረጅም፣ ቀጣዩ አጭር፣ ሌላው ጠርዙ እንደ ግድግዳ የቆመ ይሆናል። ሁለቱንም መውረድ መቻል አለብን፤ ሰው ሁሉ ጎበዝ የሆነበት ኮረብታ የለምና።

ጉብታ የመውረድ ሙያ ልቡ ጉልበት ላይ ነው። ስኪው የጉብታውን ፊት ሲወጣ ጉልበት ወደ ደረት ይሰበሰባል፤ ጫፉን አልፎ ወደ ጎድጓዳው ሲገባ እግር ይዘረጋል። ከወገብ በላይ ያለው አካል በዚህ ግርግር ውስጥ አይገባም፤ ደረት ቁልቁል ያያል፣ እጆች ከፊት ናቸው፣ ዱላው በክንድ ሳይሆን በእጅ አንጓ ብቻ ይተከላል። የጎበዝ ወራጅን ጭንቅላት ብቻ ብታዩ ሜዳ ላይ የሚንሸራተት ይመስላችኋል። ታችኛው አካሉ ግን በየሰኮንዱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጀማሪ መሰብሰቡን ቶሎ ይማረዋል፤ ጉብታው ራሱ አስገድዶ ያስተምረዋል። የሚረሳው መዘርጋቱን ነው። እግሩን ሳይዘረጋ ቀጣዩ ጉብታ ላይ የደረሰ ሰው ምንም የሚሰበስበው ነገር የለውም፣ ስለዚህ ጉብታው ወደ አየር ይወረውረዋል። ሳሠለጥን ቀኑን ሙሉ ከአፌ የማይጠፋው ቃል «ዘርጋ!» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ነገር ዓይን ነው። እግር አሁን ያለበትን ጉብታ ዓይን አልፎት መሄድ አለበት፤ ሁለት ሦስት ጉብታ ወደፊት። ይህ ለመናገር ቀላል ነው፤ ሰው ሲፈራ ግን መጀመሪያ የሚያየው የገዛ ጫማውን ነው። ጫማውን ያየ ወገቡ ይጎብጣል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የስኪው አፍንጫ በረዶውን ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚታዘዝለት ነገር የለም። ፍጥነትን መግታትም እንዲሁ የራሱ ቦታ አለው፤ ጫፉን እንዳለፉ ስኪውን አጋድሞ የጉብታውን ጀርባ መፋቅ። ከላይ ያልኩት የጉብታ ሽቅብ ጉዞ የሚመጣው ከዚህ ፍቂያ ነው፤ የእያንዳንዳችን ጥንቃቄ ጉብታውን ሽቅብ ይገፋዋል።

ጉብታ እ.ኤ.አ. በ1992 አልበርትቪል ላይ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ውድድር ሆነ። ከ100 ነጥብ 60ው የሚሰጠው ለአስተጣጠፍ ነው፤ 20ው ለሁለቱ ዝላዮች፣ የቀረው 20 ለፍጥነት። ተወዳዳሪዎች ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ በሌላ ቀለም የተጣፈ ነው፤ ዳኛው ከሩቅ ሆኖ ጉልበት ከጉልበት መራቅ አለመራቁን እንዲለይ። ፍጥነት አንድ አምስተኛ ብቻ መያዙን እወድለታለሁ። ሰዓት ብቻውን የሚዳኘው ስፖርት ብዙ አለ፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በሰዓት ማሸነፍን ከማንም አንማርም። እዚህ ግን እንዴት እንደወረድክ ይጠየቃል።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ኮረብታዎች ልመለስ፣ የምቆረቆርለት ጉዳይ እሱ ነውና። የምኖርባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ትልቅ ተራራ የላትም። ሚኒያፖሊስ አጠገብ በርንስቪል ውስጥ ባክ ሂል የተባለ የስኪ ስፍራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተ፣ ከአናቱ እስከ ግርጌው 94 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ፣ አውራ ጎዳና ዳር የተቀመጠ ጉብ ያለ መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ በቁልቁል ውድድር ወርቅ ያገኘችው ሊንዚ ቮን ስኪ የጀመረችው እዚያ ነው። በጉብታ ደግሞ የዓለም ዋንጫን ለዓመታት በብቸኝነት የገዛው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ ወርቅ ያጠለቀው ካናዳዊው ሚካኤል ኪንግስበሪ ያደገው በኩቤክ ሞን ሴን ሶቬር ላይ ነው፤ ቁመቱ 213 ሜትር። ስዊዘርላንድ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ተራራ ብሎ የሚጠራው አይኖርም።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ትልቅ ተራራ ላይ ሊፍቱ ረጅም ነው፣ መውረጃው ብዙ ነው፣ ጠዋት ያገኘኸውን ጉብታ ከሰዓት ላታገኘው ትችላለህ። ትንሽ ኮረብታ ላይ ወርደህ ሊፍት ይዘህ ትንፋሽህ ሳይመለስ ያቺው ጉብታ ፊትህ ትቆማለች። አሁን ያበላሸኸውን አሁኑኑ ታርመዋለህ። ጉብታዋም ብትሆን ከቅድሙ ትንሽ ተለውጣለች፤ አንተና ከኋላህ ያለው ጎረቤትህ ፍቃችኋታል። ማታ መብራት በርቶ፣ ከሥራ የወጣ ሠራተኛና ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ በአንድ መስመር ሲወርዱ፣ ልጁ የሠራተኛውን ዱካ ይማራል። ይህን ውድ የተራራ ሆቴል አይሰጥም። ትንንሾቹ ስፍራዎች ግን በረዶው ባጠረ ቁጥር፣ በረዶ የሚሠራው ማሽንም ወጪው ባሻቀበ ቁጥር እየተጨነቁ ነው፤ ብዙዎቹ ተዘግተዋል። አንዱ ሲዘጋ አንድ ሰፈር ሙያ ያጣል።

እኔ ራሴ ግን በረዶ ላይ ያደግሁ አይደለሁም፤ የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ የጎንደሩ ፒያሳ፣ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከአብያተ መንግሥቱ በስተሰሜን በገነባው ሰፈር ያደግሁ። ቁልቁል መውረድን የቀመስነው በኩሽኔታ ነው፤ እንጨት ላይ ገጥመን አስፋልቱን እየሰነጠቅን። ኩሽኔታ ፍጥነትን አስወደደን እንጂ ጉልበትን አላስተማረንም፤ ቁጭ ብሎ የሚወርድ ሰው ጉልበቱ ሥራ ፈት ነው። ጉልበትን ያየሁት ስሜን ነው። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ከደባርቅ ተነስተን፣ ከጨነቅ የቧሂትን በር አልፈን ወደ መሽሃ ወንዝ ወርደናል። ከበሩ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። የጭነት በቅሎ ዘመን የረገጠው መንገድ ደግሞ ልሙጥ አይደለም፤ እያንዳንዷ በቅሎ የፊተኛዋ ሰኮና ያረፈበት ላይ ስለምትረግጥ ጉድጓዱ እየጠለቀ፣ መሃሉ እየጎበጠ፣ መንገዱ መሰላል መስሎ ይቀራል። በኮረብታዬ ላይ ሰዎች በስኪ የሚሠሩትን እዚያ በቅሎዎች በሰኮና ሠርተውታል፤ ዘዴው አንድ ነው።

በዚያ መንገድ ላይ የስሜን ፓርክ ስካውቱና በቅሎ ነጂዎቹ በኮንጎ ጫማ ሲወርዱ ልብ ብላችሁ እዩ። ትከሻቸው ላይ ያለው ዱላና ጠመንጃ አይወዛወዝም። እግር ይሰበሰባል፣ ይዘረጋል፣ ዓይን ሩቅ ነው። ከእኛ ጋር የነበረ አንድ የጎንደር ተማሪ እግሩን አድርቆ እየተንገዳገደ ሲወርድ በቅሎ ነጂው ጠጋ ብሎ፣ «ወንድምዓለም፣ ጉልበትህን ለቀቅ አርገው፤ መሬቱ ራሱ ያወርድሃል» አለው። ብዙ የስኪ አሠልጣኝ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ ያጠረና የቀና ትምህርት አልሰማሁም።

ስኪ የእኛ አይደለም ለሚሉኝ ወገኖቼ ሁለት ነገር እነግራቸዋለሁ። አንደኛው ሮቤል ተክለማርያም ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ መጣ። የእሱ ሙያ አገር አቋራጭ ስኪ ነው፣ ከእኛ ጉብታ በጣም ይለያል፤ አገር ቤት ሲመጣ የሚለማመደው አስፋልት ላይ፣ ጎማ በተገጠመለት ስኪ ነበር። ሁለተኛው በጣም የቆየ ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአንድ የአክሱም ንጉሥ የድንጋይ ጽሑፍ፣ ንጉሡ የዘመተባቸውን የስሜን ተራሮች ሲያነሳ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበት እንደሚውጥ ይናገራል። ዛሬ ራስ ዳሸን ላይ የሚጥለው በረዶ ብዙ አይቆይም። ቢቆይም እንኳ እዚያ ሊፍት እንዲተከል አልመኝም፤ ፓርኩ የዋልያ ቤት ነው፣ ዋልያ ደግሞ ሌላ ቤት የለውም። ሌሶቶ በማሉቲ ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ አፍሪስኪን አቁማለች፣ ሞሮኮም ኡካይመደን አላት፤ የእነሱ የስኪ ወቅት ለወራት ይቆያል፣ ይገባቸዋል። የእኛ ድርሻ ያለው እግራችን ላይ ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ ያሉ ያገሬ ሰዎች ልጆቻቸውን ኳስና ሩጫ ያስተምራሉ፤ ኮረብታውን በመኪና እያለፉት «የነጭ ጨዋታ» ይሉታል። ዋጋው ከባድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ትንሽ ኮረብታ ከትልቅ ተራራ በብዙ ይረክሳል፤ ጫማና ስኪውም ይከራያል፤ የማታ ትኬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቀኑ ይቀንሳል። ልጅ የምታመጡ ከሆነ በጥር አታምጡት። በጥር ጉብታው ድንጋይ ነው፣ ብርዱም ልጁን ያስጠላዋል። በመጋቢት አምጡት፤ ፀሐይ ስትጠነክር ጉብታው ከእኩለ ቀን በኋላ ይለሰልሳል፣ ሲወድቅም ብዙም አይጎዳውም። መጀመሪያ አንድ ጉብታ አናት ላይ አቆመዋለሁ፤ ስኪውን አግድም አድርጎ በጀርባው በኩል ቀስ ብሎ እየፋቀ እስከ ጎድጓዳው ይንሸራተት። ከዚያ ይቁም። እንደገና ሁለተኛውን ጉብታ። አንድ ማታ ሙሉ ከዚህ ሌላ ምንም አናደርግም። በሁለተኛው ማታ ሳይቆም ሁለቱን ያያይዛል፣ በሦስተኛው ሦስቱን፤ ዱላውን የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።