ውርጭ የሚያርፍበት ማሳ

ድንች የዘራ ገበሬ ባይቀናው በሚቀጥለው ክረምት ማሳ ይቀይራል። አፕል የተከለ ግን ለሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ከዛፉ ጋር ይቆያል። ስለዚህ ለአፕል የሚሆን ቦታ በካርታ ስለይ፣ በኮምፒውተሬ ላይ «ተስማሚ» ብዬ የማቀልመው የአንድ ቤተሰብ መሬት መሆኑን አልረሳም።

የደቡብ ጎንደር መልክዓ ምድር ለዚህ ሥራ የተመቸ ይመስላል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ጉና ተራራ የወጣ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ወደ ፎገራ የወረደ ደግሞ ጣና ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ወደ ላይ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከፍታውን ያወቀ የሙቀቱን ግማሽ አወቀ ማለት ነው። ከፍታው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 የጠፈር መንኮራኩር በራዳር ለክቶታል፤ በየ30 ሜትሩ የተከፋፈለው መረጃ ዛሬ በነፃ ይገኛል።

ቀሪው ግማሽ ነው የሚያስቸግረው። የአፕል ዛፍ ተኝቶ በደንብ እንዲነቃና እንዲያብብ ብርድ መጥገብ አለበት። የተለመደው ስሌት ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች የሆነባቸውን ሰዓታት መደመር ነው። ይህ ስሌት የወጣው ግን ብርዱ ቀንም ሌሊትም ለወራት ለሚዘልቅባቸው አገሮች ነው። እኛ ጋ በበጋ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይከራል፤ ዛፉ ሌሊት ያጠራቀመውን ብርድ የቀኑ ሙቀት ያፈርስበታል። ስለዚህ የሌሊቱን ሰዓት ብቻ የሚደምር ካርታ ቦታውን ከሚገባው በላይ ያሞግሳል። ብዙ ብርድ የማይጠይቁት ዝርያዎች፣ ከእስራኤል የወጣው አና እና ከባሃማስ የተገኘው ዶርሴት ጎልደን፣ ለእንዲህ ያለ አገር የሚመረጡትም ለዚህ ነው። በኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ጃቫ፣ ባቱ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ደግሞ ብርዱን ሳይጠብቁ፣ ከምርት በኋላ ቅጠሉን በእጃቸው እያራገፉ ዛፉን ያስገድዱታል።

«እንግዲያው ከፍ እንበል» ያለ ውርጭ ያገኘዋል። ያበበ አፕል ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አበባው መሞት ይጀምራል። ውርጭ ደግሞ ከፍታን ብቻ ተከትሎ አይሄድም። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት የኅዳር ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ተዳፋቱን ይወርድና ረባዳው ላይ ይተኛል፤ ያኔ ታችኛው ማሳ ከላይኛው ይበርዳል። በከፍታ ብቻ የተሠራ ካርታ ይህንን ገልብጦ ነው የሚያሳየው።

ሳተላይትም ሙሉ በሙሉ አያድንም። የመሬቱን ገጽ ሙቀት ሲለኩ ከቆዩት አንዱ፣ አኳ የተባለው፣ ለዓመታት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልፍ ነበር፤ ውርጭ የሚበረታው ግን ሊነጋ ሲል ነው። የለካውም 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ወንዝ ዳሩና ሸንተረሩ በአንድ ቁጥር ተጨፍልቀው ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ትንንሽ የሙቀት መመዝገቢያዎችን ይዤ እወጣለሁ። አንዱን ከረባዳው፣ አንዱን ከወገቡ፣ አንዱን ከሸንተረሩ፣ ሁሉንም በሰው ቁመት ያህል፣ ፀሐይ በማይነካው ነፋስ ግን በሚያገኘው ነጭ መከለያ ውስጥ እሰቅላለሁ። ከመስቀሌ በፊት እጠይቃለሁ። ፋርጣ ውስጥ አንድ አዛውንት «አባቴ፣ ውርጭ አስቀድሞ የሚመታው የትኛውን ነው?» ስላቸው በከዘራቸው ጠቆሙኝ። «ያ የወንዝ ዳሩ፣ ልጄ፤ ባቄላ አያስቀምጥም። ከዋርካው በላይ ግን አይደርስም።» ይህ መስመር በየትኛውም የወረደ መረጃ ውስጥ የለም፤ በካርታዬ ላይ ግን አሰመርኩት፤ መመዝገቢያዎቹንም ከዋርካው ግራና ቀኝ ሳይሆን ከላይና ከታች ሰቀልኩ።

ረባዳው፣ ውኃ የሚያቁረው ጥቁር አፈርና ከመጠን በላይ የሚበርደው ጫፍ ከካርታው ሲወጡ፣ የሚተርፈው በተዳፋቱ ወገብ ላይ የሚዞር ጠባብ መቀነት ነው። ችግኝ ለማከፋፈል ለሚቸኩል ይህ ያንሳል። እኔ ግን ቢያንስ አንድ በጋ የተመዘገበ የሌሊት ሙቀት ሳይኖር ለማንም ገበሬ ችግኝ መሰጠት የለበትም እላለሁ፤ የየቀበሌው የግብርና ባለሙያም ውርጭ የመታቸውን ማሳዎችና ቀናቸውን ከገበሬው እየጠየቀ በመዝገብ ቢይዝ፣ ለቀጣዩ ካርታ ከማወርደው መረጃ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።