የአልጄርሱ ስምምነትና የጦር ወሬ መለዋወጥ

የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት በሐምሌ 1991 ዓ.ም. በአልጄርስ ያጸደቀው ሽብርን የመከላከልና የመዋጋት ስምምነት፥ በ5ኛው አንቀጹ ተባባሪ መንግሥታት ስለ አሸባሪዎች መሪዎች፥ ስለ ማሠልጠኛ ሰፈራቸው፥ ስለ ገንዘባቸው ምንጭና ስለ መሣሪያቸው ዓይነት ወሬ እንዲለዋወጡ ያዛል። ዐሳቡ መልካም ነው። ሽብር ድንበር ሲሻገር የአንድ አገር ዘብ ብቻውን አያግደውም። ነገር ግን አንቀጹ ምን ምን ወሬ እንደሚሰጥ ሲዘረዝር፥ የተሰጠው ወሬ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ማን እንደሚያርመው አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ነቀፌታም በዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በአገራችን ታሪክ እንመዝነው። ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ በሚያወጣው በሊማሊሞ አፋፍ ላይ ኢጣሊያኖች የወልቅፊትን ምሽግ ይዘው፥ ከአሥመራ ወደ ጐንደር የሚወስደውን መንገድ በ1933 ዓ.ም. ለወራት ዘግተው ነበር። ምሽጉ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን የሰጠው፥ ጐንደርም በኅዳር 18 ቀን ነጻ የወጣችው፥ የእንግሊዝ ጦርና የኢትዮጵያ ዐርበኞች በአንድነት ተሰልፈው ስለ ተዋጉ ነው። ከዚያም በፊት በወረራው ዘመን የውስጥ ዐርበኞች የጠላትን ኹኔታ በየከተማው እየሰለሉ በዱር ላሉት ወገኖቻቸው ይልኩ ነበር። ወራሪው ግን ዐርበኞቹን ሽፍታ ይላቸው ነበር። ይህ ስም በጊዜው ለወዳጅ መንግሥታት ኹሉ ተላልፎ ቢሆን ኖሮ፥ በየድንበሩ የሚያዘው ማን ነበር?

የስምምነቱ 3ኛ አንቀጽ ይህን አደጋ ዐውቆ፥ ሕዝቦች ከቅኝ ግዛትና ከባዕድ ወረራ ለመላቀቅ የሚያደርጉት ትግል ሽብር እንዳይባል ደንግጓል። ይህ የሚመሰገን ነው። ኾኖም ጥበቃው ለሕዝብ ትግል እንጂ፥ ስሙ በስሕተት ለተመዘገበ ለአንድ ነጋዴ ወይም እረኛ አይደርስም። ወሬው በምስጢር እንዲጠበቅም ታዟል። ምስጢር ለዘመቻ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የተከሰሰበትን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ መልስ ይሰጣል?

«የጸጥታ ሥራ መዘግየትን አይታገሥም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ስለዚህ ወሬው ቶሎ ይተላለፍ፤ እርማቱም እንደዚያው ቶሎ ይከተለው። ይህ የማይቻል አይደለም። በዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት በኢንተርፖል ዘንድ፥ አንድ ሰው ስለ ራሱ የተያዘው ጽሑፍ እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ የሚያመለክትበት ኮሚሽን አለ።

በ1996 ዓ.ም. በአቡጃ የተመሠረተው የአፍሪቃ የስለላና የጸጥታ አገልግሎቶች ኮሚቴ ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ከደጃችን አለ ማለት ነው። የሚለዋወጡት መንግሥታት የወሬውን ቀንና የታማኝነቱን ደረጃ አብረው ይጻፉ፤ ሐሰት ሆኖ የተገኘውንም ለተቀበሉት ኹሉ ያስታውቁ፤ አቤቱታውንም ወሬውን ያልሰጠ ሌላ ወገን ይመርምረው። ይህ ካልተጨመረ፥ በአንድ አገር የተሠራ ስሕተት በብዙ አገር የሚደገም ፍርድ ይሆናል።