«የአገሬው ሰው የሚመገብበት ቤት»፤ በሃዋይ ደሴቶች ስለ አንድ አነጋገር የቀረበ ሂስ

ወደ ሃዋይ ደሴቶች ለሚጓዙ እንግዶች የሚታተሙት መምሪያ መጻሕፍት አብዝተው የሚወዱት አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «የአገሬው ሰው መብላት የሚወድበት ቤት» የሚለው ነው። በዋይኪኪ ባሕር ዳር የተሠሩት ትላልቅ ሆቴሎች ለእንግዳ የተዘጋጁ ስለሆኑ፥ እውነተኛውን ጣዕም የሚሻ ሰው ወደ ካሊሂ ሰፈር ወይም ወደ ካፓሁሉ መንገድ ይሂድ ይላሉ። ምክሩ ለተራበ መንገደኛ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ይህ አነጋገር ሳይመረመር ወደ ባህል ጥናት ጽሑፍ በገባ ጊዜ ጉዳት ያመጣል። «የአገሬው ሰው» ማን ነው? የሚለው ጥያቄ በዚያች አገር የጣዕም ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የባለቤትነትም ጥያቄ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ መስሎ የሚታየው ቃል ምን ያህል ልዩ ልዩ ሕዝብ እንደሚሸፍን ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እኛ በአማርኛ «ተወላጅ»፥ «ነዋሪ»፥ «ባላገር» እያልን ለይተን እንናገራለን። በሃዋይ የሚነገረው «ሎካል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ግን ከእነዚህ በአንዱም በትክክል አይተረጐምም። በመጀመሪያ፥ ካፒቴን ኩክ በ1778 ከመድረሱ በፊት በደሴቶቹ የነበረው ሕዝብ ዘር፥ ማለት ካናካ ማኦሊ፥ አለ። ሁለተኛ፥ በሸንኮራ እርሻ ሊሠሩ ከእስያና ከሌላም አገር የመጡት ሰዎች ልጆች ከተወላጁ ጋር ተዋልደውና ተጎራብተው ያቆሙት ኅብረት አለ፤ «ሎካል» በተለይ የሚባለው ይህ ነው። ሦስተኛ፥ ከየትም ይምጣ ከየት በደሴቶቹ የሚኖር ሁሉ አለ። «ካማአይና» የሚለው የሃዋይ ቃል ሲፈታ «የምድር ልጅ» ማለት ነው፤ የእኛን «የአገር ልጅ» ይመስላል። «አይና» የተባለችው ምድር ራሷም ስሟን ያገኘችው መብላት ከሚለው ቃል ነው፤ የምታበላ ማለት ነው። ዛሬ ግን «ካማአይና» የነዋሪነት ወረቀት ለሚያሳይ ሰው ሆቴሎች የሚያደርጉት የዋጋ ቅናሽ መጠሪያ ሆኗል። ሰውን ከምታበላው ምድር ጋር ያስተሳሰረ ቃል ወደ ሒሳብ መክፈያ ጠረጴዛ መውረዱ ብቻውን ለተመራማሪ ብዙ ያስተምራል።

የመብያ ስፍራ በዚያች አገር ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። በጥንቱ ሥርዓት ወንድና ሴት በየቤታቸው ተለይተው ይበሉ ነበር፤ ለሴቶችም የዐሣማ ሥጋ፥ የኮኮናት ፍሬና አብዛኛው የሙዝ ዓይነት እርም ነበር። በ1819 ወጣቱ ንጉሥ ሊሆሊሆ በእናታቸው በኬኦፑኦላኒና በኃያሏ እመቤት በካአሁማኑ ግፊት ከሴቶች ጋር በአንድ ማዕድ ተቀመጡ። በዚያ አንድ ግብር የመብል ሕግ ብቻ ሳይሆን በእርሱ ላይ የቆመው የመቅደስ ሥርዓት ጭምር ፈረሰ፤ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ገና አልደረሱም ነበር። እንግዲህ «የት ይበላል?» የሚለው ጥያቄ በሃዋይ ከጥንት ጀምሮ «ከማን ጋር? በማንስ ፈቃድ?» የሚለውን አዝሎ የመጣ ነው።

መምሪያዎቹ የሚያመሰግኑት «የሳህን ምሳ» ደግሞ የሌላ ታሪክ ልጅ ነው። ቻይናውያን በ1852፥ ፖርቱጋላውያን በ1878፥ ጃፓናውያን በብዛት በ1885፥ ኮርያውያን በ1903፥ ፊሊፒናውያን በ1906 ለሸንኮራ እርሻ ሥራ መጡ። ባለ እርሻዎቹ በየወገናቸው ለይተው አሰፈሯቸው፤ በእርሻው መካከል ግን ምሳ በደረሰ ጊዜ አንዱ ከሌላው ቆርቆሮ ሣህን መቅመስ ጀመረ። ከዚያም የምሳ ጋሪዎች፥ ከእነርሱም ቀጥሎ ሰው ከመኪናው ወርዶ በመስኮት የሚገዛባቸው ቤቶች ተነሡ። በካፓሁሉ መንገድ አጠገብ በ1961 የተከፈተው ሬይንቦው ድራይቭ ኢን መሥራቹ ሴይጁ ኢፉኩ ነበሩ፤ በጦርነቱ ጊዜ በመቶኛው ሻለቃ ጦር ወጥ ቤት ያገለገሉ ሰው ናቸው። በሳህኑ ላይ ሁለት ጭልፋ ሩዝ፥ በማዮኔዝ የተለወሰ መኮሮኒና ሥጋ ይቀመጣል። የታሪክ ሊቅ ሬቸል ላውዳን በ1996 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተመላቸው «የገነት ምግብ» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ይህ ምግብ የየወገኑ ምግብ ድምር ሳይሆን ራሱን የቻለ አዲስ የአመጋገብ ሥርዓት መሆኑን አስረድተዋል። ይህ ታላቅ ውለታ ነው፤ ብዙ ሰው የድኻ ጥርቅምቅም ብሎ የናቀውን ነገር ለሊቃውንት ጥናት አብቅተውታልና።

ሆኖም «ሎካል» የሚለው ቃል ከምሳ ሳህን ብቻ አልተወለደም። በ1931 የአንድ የባሕር ኃይል መኮንን ሚስት በሆኖሉሉ የሃዋይ፥ የጃፓንና የቻይና ዝርያ ያላቸውን አምስት ወጣቶች ደፈሩኝ ብላ ከሰሰች። የፍርድ ሸንጎው ሳይስማማ ተበተነ። በ1932 መጀመሪያ ከተከሳሾቹ አንዱ ጆሴፍ ካሃሃዋይ ተገደለ፤ በመግደሉ የተፈረደባቸው መኮንኑና ግብረ አበሮቹም ለአንድ ሰዓት ብቻ ታስረው ተለቀቁ። ልዩ ልዩ ዘር ያላቸው ድኾች ራሳቸውን በአንድ ስም መጥራታቸው የጐላው በዚህ ግፍ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቃሉ ክብር ይገባዋል። ግን በ2000 ፕሮፌሰር ሃውናኒ ኬይ ትራስክ ባሳተሙት ድርሰት ይህንኑ ስም ነቀፉት፤ የእስያ ዝርያ ያላቸው ሰፋሪዎች «ሎካል ነን» በማለታቸው መሬቱን የተነጠቀው ተወላጅ ከዓይን ተሰወረ፥ እነርሱም የነጠቃው ተጠቃሚ መሆናቸው ተሸፈነ ብለው ተከራከሩ።

የዚህን ክርክር ክብደት ለመረዳት ወደ ጎደሬ ተክል መመለስ ያስፈልጋል። የተወላጁ ዋና ምግብ ፖይ፥ ማለት ተቀቅሎ ተወቅጦ በውሃ የቀጠነ ጎደሬ ነው። በአፈ ታሪካቸውም ጎደሬ የሰው ታላቅ ወንድም ነው። ይህ ተክል በእርከን መደብ ላይ ቀዝቃዛና የሚፈስ ውሃ ይፈልጋል። በ1916 የተጠናቀቀው የዋያሆሌ ቦይ ግን የኦአሁን ደሴት ነፋሻ ወገን ውሃ በተራራ ውስጥ አሳልፎ በደረቁ ወገን ላለው ሸንኮራ ሰጠው። እርሻው በ1995 ሲዘጋ ውሃው ለማን ይሁን? የሚል ክርክር ተነሣ፤ የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2000 ውሃ ሁሉ ለሕዝብ በአደራ የተያዘ ሀብት ነው ሲል ፈረደ። እንግዲህ ሩዝ በየሳህኑ ሞልቶ ፖይ ውድና ብርቅ የሆነው ሕዝቡ ጣዕሙን ስለ ለወጠ ብቻ አይደለም። የአንዱ ምሳ የበቀለው የሌላው መደብ በደረቀበት ዘመን ነው።

ይህ ማለት ግን በነዋሪዎቹ ማዕድ መካከል አጥር እንሥራ ማለት አይደለም። በካሊሂ ሰፈር ሄሌናስ የተባለው ቤት በ1946 ሲከፈት መሥራቿ ሄለን ቾክ የቻይናውያንን የቤተ ሰብ ስም የምትይዝ ሴት ነበረች፤ የምታቀርበው ግን ፖይ፥ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለ ላውላውና የሃዋይ ቋንጣ ነበር። ቤቱም በ2000 የጄምስ ቢርድን ሽልማት አገኘ። የትራስክ ክስ ለመሬትና ለውሃ እውነት ሲሆን፥ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት በቂ አይሆንም፤ የመጤ እጅ የተወላጁን ማዕድ ጠብቆ አቆይቷልና። የላውዳን ትንታኔም ለሳህኑ እውነት ሲሆን፥ ዓይናቸው ከሁሉ በላይ ያረፈው በመቀላቀሉ ላይ ስለሆነ፥ ከተቀላቀሉት ወገኖች ማን ምን እንደ ከፈለ በሙሉ ሚዛን አያሳይም። ሁለቱን ጽሑፎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያላነበበ ሰው ስለ ሃዋይ ምግብ አጥንቻለሁ ሊል አይገባውም።

በመምሪያ መጻሕፍቱ ላይ ያለን ወቀሳ እንግዲህ ስለ ሐሰት አይደለም፤ የጠቆሙት ቤት በእርግጥ የሚወደድ ቤት ነው። ወቀሳችን «የአገሬው ሰው» ባሉ ጊዜ ማንን እንደሚሉ አለመናገራቸው ነው። የባህል ጥናት ተማሪ ግን ይህ ስንፍና አይፈቀድለትም። ሰው የሚበላበትን ቤት ከመዘገበ በኋላ በላተኛው ራሱን በምን ስም እንደሚጠራ፥ ባለቤቱ ከየት እንደ መጣ፥ እህሉ በማን ውሃ እንደ በቀለ፥ በዚያ ማዕድ ሊገኝ ሲገባው የታጣው ምግብ የትኛው እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል። ማዕዱ የሚታወቀው በላዩ በቀረበው ብቻ ሳይሆን ከላዩ በጎደለውም ነው።